ወይንን በትንንሽ የኦክ በርሜል ማክረም፦ ከጉደር ወይን እስከ ጭሊሞ ደን

ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ ወይንን በትንንሽ የኦክ በርሜል ማክረም ነው። ርእሱ ከደንዲ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። አዋሽ ወይን ጠጅ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለገበያ ሲያቀርበው የኖረው ቀይ ወይን ስሙን የወሰደው ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከጉደር ነው። በአገራችን በየምግብ ቤቱ «አንድ ጉደር» ተብሎ ሲታዘዝ የሚጠራው የእኛ ወንዝና የእኛ ከተማ ስም ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ የቅርብ ነው። ከተመራቂዎቻችንና ጠጅ ከሚጥሉ ባለሙያዎች በተደጋጋሚ አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፦ «ትንሽ የኦክ በርሜል ብንገዛ ጠጃችንን ወይም ወይናችንን በጥቂት ወር አክርመን በከፍተኛ ዋጋ ልንሸጥ አንችልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነውና በተስፋም በማጣጣልም ሳይሆን በስሌት ሊመለስ ይገባዋል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ትንሽ በርሜል የእንጨቱን ጣዕም ያፈጥናል፤ የወይኑን ብስለት ግን አያፈጥንም። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ የዚህ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

በርሜል ስንል

በቋንቋችን «በርሜል» ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና የሚመጣው ነዳጅ የሚመላለስበት ወይም ውሃ የሚጠራቀምበት፣ 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው የብረት ዕቃ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እሱ አይደለም። የወይን በርሜል ጎበጥ ጎበጥ ካሉ ሳንቃዎች ያለ ሙጫና ያለ ምስማር ተገጣጥሞ በብረት ቀለበት የታሰረ ዕቃ ነው። ሮማውያን ወይናቸውን የሚያመላልሱት በሸክላ እንስራ ነበር፤ የእንጨቱን በርሜል ከሰሜን ጎረቤቶቻቸው ከጎሎች ወርሰው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ምዕተ ዓመታት አስፋፉት። መጀመሪያ የተፈለገው ስለሚንከባለልና ስለማይሰበር ነው። በውስጡ የሰነበተው ወይን መልካም ለውጥ ማምጣቱ በአገልግሎት ላይ የታወቀ ጥቅም ነው። ዛሬ በዓለም ዘንድ መለኪያ ሆኖ የሚጠቀሰው የቦርዶው በርሜል 225 ሊትር ይይዛል።

ኦክ የሚባለው ዛፍ ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ አይበቅልም። ለእኛ የመጽሐፍ ዛፍ ነው ማለት ይቻላል። አብርሃም ድንኳኑን የተከለበትን፣ በብዙ የውጭ ትርጉሞች ኦክ የተባለውን የመምሬን ዛፍ የአማርኛ ተርጓሚዎች «የአድባር ዛፍ» ብለው አልፈውታል። ዛፉን ባናውቀው ክብሩን ዐውቀንለታል።

ኦክ ለምን ተመረጠ?

የብዙ ዛፎች እንጨት ፈሳሽ አይዝም፤ ውሃ ያመላልሱ የነበሩት ቱቦዎቹ ክፍት ስለሆኑ ያፈስሳል። በነጭ ኦክ ውስጥ ግን ዛፉ በሕይወት ሳለ ያረጁትን ቱቦዎች ራሱ ይደፍናቸዋል። የአሜሪካው ነጭ ኦክ ድፍኑ የበዛ ስለሆነ በመጋዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የፈረንሳዩ ኦክ ግን የእንጨቱን ዘንግ ተከትሎ መፈለጥ አለበት፤ ያለበለዚያ ያንጠባጥባል። የተፈለጠው ሳንቃ በርሜል ከመሆኑ በፊት ከ24 እስከ 36 ወር በዝናብና በፀሐይ ላይ ተደርድሮ ይቆያል። በዚህ ጊዜ መራራው ታኒን ይታጠባል፣ እንጨቱም ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ሳንቃው በእሳት ላይ ሞቆ ይጎብጣል፣ የበርሜሉም ውስጠኛ ገጽ ይጠበሳል።

ይህ ጥብሳት የኬሚስትሪው ልብ ነው። እንጨቱን የሚያጠነክረው ሊግኒን በሙቀት ሲፈርስ የቫኒላ መዓዛ ያለውን ቫኒሊንን፣ የጭስ ጠረን ያለውን ጓያኮልን፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለውን ዩጂኖልን ይሰጣል። ሌላው የእንጨቱ ክፍል ሄሚሴሉሎስ የተጠበሰ ስኳርና የለውዝ መዓዛ ይሰጣል። በኦክ ውስጥ የሚገኘው ላክቶን ደግሞ የኮኮናት ጠረን አለው። እነዚህን ሁሉ በአንድነት «የበርሜሉ ስጦታ» ልንላቸው እንችላለን።

ሁለተኛው ሥራ መተንፈስ ነው። በእንጨቱ፣ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያና በውታፉ በኩል እጅግ ጥቂት ኦክሲጅን ያለማቋረጥ ይገባል። ይህ ኦክሲጅን የቀይ ወይንን ታኒንና ቀለም ቀስ በቀስ ያያይዛቸዋል፤ የሚያጣብቀው ጣዕም ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይረጋል። ብስለት የምንለው ይህንን ነው። ስጦታው በሳምንታት ይጀምራል፤ ብስለቱ ግን ወራትንና ዓመታትን ይፈልጋል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ትንሹ በርሜል ስንሄድ የሚያጋጥመን ችግር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የትንሽነት ስሌት

የአንድ ዕቃ መጠን ሲያንስ ይዘቱ ከገጹ ይልቅ በፍጥነት ያንሳል። የ225 ሊትሩን በርሜል ቅርጽ ሳንለውጥ ርዝመቱንም ወርዱንም በግማሽ ብንቀንስ 28 ሊትር ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ይዘቱ ስምንት ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ገጹ ግን ያነሰው አራት ጊዜ ብቻ ነው። በትልቁ በርሜል እያንዳንዱ ሊትር ወይን ወደ 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንጨት ሲነካ፣ በትንሹ 180 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይነካል። እንደገና በግማሽ ቀንሰን ለጌጥ ወደሚሸጠው የ3.5 ሊትር በርሜል ብንወርድ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ውጤቶች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ የእንጨቱ ስጦታ በዚያው መጠን ይፈጥናል። በትልቅ በርሜል 12 ወር የሚወስደው የመዓዛ መጠን በ28 ሊትሩ በስድስት ወር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ በርሜሉ አዲስ ከሆነ ከዚያም ሊቀድም ይችላል። የታኒኑና የቀለሙ መያያዝ ግን በወይኑ ውስጥ የሚካሄድ ለውጥ ነውና የእንጨቱ ገጽ ስለሰፋ ብቻ በእጥፍ አይሮጥም። በመሆኑም ወይኑ ገና ጎረምሳ ሳለ እንጨት እንጨት ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው። የገባን የእንጨት ጣዕም ደግሞ ማውጣት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ትነቱ ይበዛል። ትልቁ በርሜል በዓመት ከይዘቱ 3 በመቶ ቢያጣ፣ 28 ሊትሩ 6 በመቶ፣ ማለትም 1.7 ሊትር ያህል ያጣል፤ የትንንሽ በርሜሎች ሳንቃ ብዙ ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ከዚያም ይብሳል። በጎደለው ቦታ አየር ይገባል። አየር ባለበት የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይራባል፤ በክብር የከረመው ወይን አቼቶ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ትንሽ በርሜል ሙቀትና ቅዝቃዜን አይቋቋምም። 225 ሊትር ወይን 10 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በግማሽ ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ትልቁ በርሜል ይህን ለውጥ በዝግታ ይቀበላል። ትንሹ ግን ቀን እየሞቀ፣ ሌሊት እየቀዘቀዘ፣ አየር እየሳበና እየገፋ ይኖራል።

የደንዲ አየር

እስካሁን ያልሁት በየትኛውም አገር ይሠራል። አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ጊንጪ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የኦክሲጅኑም ድርሻ በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ የአውሮፓ መጻሕፍት ስለ በርሜል የኦክሲጅን አቀባበል የሚሰጡትን ቁጥር ሳንመዝን ልንቀዳ አንችልም። በሌላ በኩል ሳሳ ያለ አየር ትነትን ያፋጥናል።

የበጋችን ድርቀት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። የክፍሉ አየር ደረቅ ሲሆን ከበርሜሉ ውሃው ከአልኮሉ ይልቅ ፈጥኖ ይወጣል፤ የቀረው ወይን ብርታት ይጨምራል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለው በርሜልና ክረምቱን ያሳለፈው በርሜል አንድ ዐይነት ወይን አይሰጡም። በአንጻሩ ደጋው የሚሰጠን በረከት አለ። በወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ የተከለለ ክፍል ያለ ማቀዝቀዣ ለወይን በሚስማማ ቅዝቃዜ ሊቆይ ይችላል። ከእኛ ይልቅ ዝቅና ሞቅ ባለው በስምጥ ሸለቆ፣ በባቱ ወይም በዝዋይ፣ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ያቀረበው ካስቴል ይህን ቅዝቃዜ በመሣሪያ ነው የሚያገኘው። እኛ በግድግዳ ልናገኘው እንችላለን።

ጋን፣ ወይራና የጌሾ እንጨት

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማይጠየቅ ጥያቄ ልምጣ። እኛ መጠጥን ከእንጨት ጋር ማገናኘትን የምንማረው ከውጭ ነውን? በቤተ ክርስቲያን ለቍርባን የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ተዘጋጅቶ ለዕለቱ የሚውል ነው፤ መክረምን አይፈልግም። ጠላና ጠጅ ግን ከእንጨት ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው።

እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥኑታል። በዚህ አካባቢ ኤጄርሳ የሚባለው ይኸው ወይራ የወተቱንም ዕቃ ያጥናል። በርሜል ሠሪው የኦኩን ገጽ ሲጠብስና እናት ጋኑን ስታጥን የሚሆነው ኬሚስትሪ ዘመዳሞች ናቸው፤ በሁለቱም ሊግኒን በእሳት ይፈርሳል፣ ጓያኮልና ዘመዶቹ ይወለዳሉ። ልዩነቱ በመጠንና በአኳኋን ነው። ጢሱ በጋኑ ቀዳዳዎች ላይ የሚያርፍ ስስ ሽፋን ነውና ለአንድ ጥንስስ ያህል ይሰጣል፤ ዳግመኛ መታጠን አለበት። የተጠበሰው ሳንቃ ግን ለሦስትና ለአራት ሙሌት የሚበቃ ክምችት ይዟል። ጢሱ ከመዓዛው ሌላ ተሐዋስያንን ይከላከላል፤ ከበዛ ደግሞ የማይፈለጉ የጥላሸት ውሕዶችን ስለሚያስቀምጥ መለካት ይገባዋል።

የጌሾውን እንጨትም አስቡት። ለጠጅ የጌሾን ቅጠል ሳይሆን ተቆራርጦ የደረቀውን እንጨቱን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው። እንጨትን ዕቃ አድርጎ ወይኑን በእንጨት ውስጥ ከመክተት ፈንታ እንጨቱን በመጠጡ ውስጥ መክተት ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኦክ ቁርጥራጭን ወይን ውስጥ መጨመርን በሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ይህ ሐሳብ ለጠጅ ጣይ እንግዳ አይሆንባትም።

ይህን የምለው «ሁሉም የእኛ ነበር» ለማለት አይደለም። የጌሾ እንጨት ምሬትን ይሰጣል እንጂ ቫኒሊንን አይሰጥም፤ የታጠነ ጋንም እንደ በርሜል አይተነፍስም። የምለው ጥያቄያችንን ከራሳችን ዕቃ መጀመር እንችላለን ነው። ጆርጂያውያን በመሬት ውስጥ በሚቀበር የሸክላ ማሰሮ ወይን የመሥራት ልማዳቸውን ጠብቀውና አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ አስመዝግበዋል። ያደረጉት ሸክላቸውን በኦክ መተካት ሳይሆን ሸክላቸው ምን እንደሚሠራ በትክክል ማወቅ ነው።

ከጭሊሞ በርሜል ይወጣልን?

እዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። «ኦክ ውድ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ጭሊሞ ደን አጠገባችን ነው፤ ከወይራው፣ ከዝግባው፣ ከጥዱ ለምን አንሠራም?» የሚል። ሐሳቡን በእንጨት ዕውቀት እንፈትነው።

ጥድ ዘይቱ ኃይለኛ ነው፤ ለሣጥንና ለአጥር የሚበጀው ጠረን ወይንን ይሸፍነዋል። ዝግባ ሽታው ቀላል ቢሆንም እንደ ኦክ ዐይነት ታኒን የለውም፤ ስለዚህ ምንም የማይሰጥ ዕቃ ይሆናል፤ ለዚህ ደግሞ ብርጭቆ ይበቃናል። ወይራ ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ግንዱ ጠማማ፣ ዘንጉ የተጠላለፈ፣ ዕድገቱ እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ ቀጥ ያለ ሳንቃ ለመፈለጥ አይመችም። ጥቁር እንጨት የሚባለው የአፍሪካ ፕሩነስ በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዛፎች አንዱ ነው። በነገራችን ላይ በገበያ «አካሺያ» ተብሎ የሚሸጠው የወይን በርሜል ከእኛ ግራር የተሠራ አይደለም፤ ሮቢኒያ ከሚባል ከሰሜን አሜሪካ ከመጣ ዛፍ ነው። ስም አያታልለን።

ከእንጨቱ ጠባይ በላይ የሚመዝነው ግን ዕድሜው ነው። የፈረንሳይ ኦክ ለበርሜል የሚቆረጠው ከ150 እስከ 200 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ከአንድ ዛፍ የሚወጣው በርሜልም ብዙውን ጊዜ ሁለት ያህል ነው። ዛሬ ስመ ጥር የሆነው የትሮንሴ ደን በ17ኛው ምዕተ ዓመት በሉዊ 14ኛ ሚኒስትር በኮልቤር የተደራጀው ለጦር መርከብ እንጨት ነበር። መርከቡ ወደ ብረት ተለወጠ፤ ደኑ ግን ስለ ተጠበቀ ለወይን ተረፈ። ስለዚህ የፈረንሳይን በርሜል የሠራው በርሜል ሠሪው ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚጠቀምበት ሳያውቅ ደን የጠበቀ ትውልድ ነው።

ጭሊሞ ደግሞ ለደንዲ ሕዝብ እንጨት ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያሉ ነዋሪዎች ደኑን በማኅበር ተደራጅተው ማስተዳደር ከጀመሩ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ከተነሣው የሕዝብ ተቃውሞ መነሻዎች አንዱ የዚህ ደን ጉዳይ እንደ ነበረም የምታስታውሱት ነው። ጥቂት ሺህ ጠርሙስ መጠጥ ለማስዋብ ከዚህ ደን ግንድ የሚጠይቅ ፕሮጀክት ሳይንሱም ሒሳቡም አይደግፈውም። ለማጠኛ የሚሆን የወይራ ቅርንጫፍ ከጓሮ ከተተከለ ዛፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ሥራ ወይራ መትከል ነው።

ለሚሞክሩ ምክር

በርሜሉን ገዝተው ለመሞከር ለቆረጡ ጥቂት ነገር ልበል።

ያልጨረሰ ጠጅ በርሜል ውስጥ አይግባ። እርሾው ሥራውን ፈጽሞ፣ አተላው ወርዶ፣ መጠጡ ጠርቶ መሆን አለበት። ጠጅ እንደ ቀይ ወይን ከኦክሲጅን የሚጠብቀው ታኒን ስለሌለው የበርሜል ቆይታው ማጠር ይኖርበታል።

አዲስ ትንሽ በርሜል የመጀመሪያውን ሙሌት በሳምንታት እንጂ በወራት አትቁጠሩለት። ሁለተኛው ሙሌት ረዘም ይበል፤ እውነተኛው ማክረም የሚጀምረው የእንጨቱ ኃይል ከበረደ በኋላ፣ በሦስተኛው ሙሌት ነው። ከዚህም የሚሻለው ከምርታችሁ ሲሶውን ብቻ በበርሜል አክርሞ ከቀረው ጋር ማዋሐድ ነው።

የጎደለውን በየሳምንቱ ሙሉ፤ ለዚሁ የሚሆን ወይን በትንንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ አስቀምጡ። በርሜሉን በሙቅ ውሃ እጠቡ እንጂ በበረኪና ፈጽሞ አትንኩ። ክሎሪኑ ከእንጨቱ ውሕዶችና ከሻጋታ ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው የሻገተ ጠረን በርሜሉን ለዘለዓለም ያበላሸዋል። የእንጨቱ ቀዳዳዎች ከገጹ በታች በርካታ ሚሊ ሜትር ድረስ ተሐዋስያንን ይደብቃሉ፤ የፈረስ ጋጣ ጠረን የሚያመጣው ብሬታኖሚሴስ የተባለው እርሾ ከገባ በማጠብ አይወጣም፤ በርሜሉን መተው ነው።

ለጥናት የቀረበ ሐሳብ

ለተማሪዎቼ የምተወው የቤት ሥራ ይህ ነው። ጉደር በሚገኘው በማሞ መዘምር ካምፓስ ወይም በአምቦ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሙከራ ነው። ከአንድ ጥንስስ የተገኘን አንድ ወይንና አንድ ጠጅ በአራት ዕቃ እናስቀምጥ፦ በብርጭቆ፣ ባልታጠነ ጋን፣ በወይራ በታጠነ ጋን፣ በ28 ሊትር የኦክ በርሜል። የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት በየቀኑ ይመዝገብ። በየወሩ ትነቱ፣ አልኮሉ፣ አሲዱና በተለይ የኮምጣጤ አሲዱ ይለካ።

ከዚያ ቅምሻ ይደረግ፤ ነገር ግን ዕቃው ሳይታይ። ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ብርጭቆ ይቅረብ፤ ሁለቱ አንድ ዐይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል ከሦስት አንድ ነው። 24 ቀማሾች ቢኖሩን ልዩነት አለ ለማለት በተለመደው የ5 በመቶ መለኪያ ቢያንስ 13ቱ በትክክል መለየት አለባቸው። 12 ከሆኑ ልዩነት አለ ብለን አንናገርም። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ልዩነት መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ውጤቱ ኦክን ቢደግፍ በርሜሉን በልበ ሙሉነት እንገዛለን፤ ብዙ መቶ ዩሮ የምናወጣበትንም ምክንያት እናውቃለን። የታጠነው ጋን ከበርሜሉ የማይተናነስ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ በጉደር ስም የሚሸጥ፣ በደንዲ ሸክላና በተተከለ ወይራ የከረመ መጠጥ ሊኖረን ይችላል። ሁለቱም መልካም ዜና ነው። የማይጠቅመን ሳይለኩ «በኦክ የከረመ» የሚል ጽሑፍ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ ነው፤ ገዢው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ በሁለተኛው ጊዜ የጉደርን ስም ከዚያ ጣዕም ጋር ያስታውሳል።

ሙከራው ቢያንስ ሁለት በጋና ሁለት ክረምት ይፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ እንደሚረዝም ዐውቃለሁ። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ጀምሮ ሌላው እንዲረከብ፣ መዝገቡም ከተማሪው ጋር እንዳይወጣ በክፍሉ እንዲቀመጥ አሳስባለሁ። ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማችሁን ለክፍሉ ጽሕፈት ቤት ስጡ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።